በቀን ላይ

የድሮ ቋንቋ ነው የማስተምረው፤ የሞተ ቃል ነው እንጀራዬ፤
ልጆች እያዛጉ፣ ሥር ከግንድ እለያለሁ በጠመኔዬ።

ከተማችን ያኒና ናት፤ ሐይቅ ዳር ተንተርሳ የተኛች።
በግንቦት፣ ውሃው ሲረጋ፣ ፀሐይዋም ስትዳምን ደክማ የሰለቸች፣
ትንኝ የማይሉት፣ ቢራቢሮ የማይሉት ነጭ ነገር ይነሣል፤
መብራት ይከብባል፣ ያብዳል፣ ለአንድ ሌሊት ይነግሣል።
ጠዋት ካሊዮፒ ጠራጊዋ ከካፌው ደጃፍ ላይ
እንደ ገለባ ታፍሰዋለች፣ ቀና እንኳ ብላ ሳታይ።

ይህን ነገር እያየሁ ነው ለስቴርጊዮስ የተናገርኩት፣
በኪዮስኩ መስኮት ተደግፌ፣ መልሴን ስጠብቅ ያወጋሁት፦
«‹ኤፒ› ማለት ‹ላይ› ነው፤ ‹ኢሜራ› ደግሞ ‹ቀን›፤
ሲጋቡ ‹በቀን ላይ›፤ በአንዲት ቀን ጀርባ የታዘለ ዘመን።
ሐኪሞች ለትኩሳት አሉት፣
ዛሬ ይዞ ነገ ለሚለቅ፣ ሳያባራ ለሚነድ እሳት።
ደግሞ ለዚህ ለነጩ ክንፋም፣ አፍ እያለው ለማይበላ፣
ሠርጉም ቀብሩም አንድ ድግስ ለሆነበት፣ ቀጠሮ ለሌለው ሌላ።
ላንተም ሸቀጥ፣ ለኤፊሜሪዳ፣ ለዚህ ለወረቀቱ፣
ጠዋት ንጉሥ ሆኖ፣ ማታ ዓሣ ለሚጠቀለልበት በከንቱ።
ተረኛው መድኃኒት ቤት፣ ሰሞነኛው ቄስም ስማቸው ከዚሁ ነው፤
ቀን ጠብቆ የሚያድር ሁሉ ለዚህ ቃል ዘመዱ ነው።»

ተመጻደቅሁ። ጣቴን ቀስሬ፣ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ።

ስቴርጊዮስ ዝም አለ። የሲጋራ ፓኮ ደረደረ።
ለአንድ ሽማግሌ ሎተሪ ቆረጠ።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከባንኮው ሥር፣
ከሳጥኑ በታች ካለው ሳጥን፣ በፌስታል የታሰረ ነገር
አወጣ።
ጋዜጣ ነበር።

ቢጫ ሆኗል፣ እንደ ደረቀ የትንባሆ ቅጠል፤
የጠርሙስ ቅርጽ የያዘ እጥፋት አለው፣ እስካሁን ያልተዘረጋ።
የፊት ገጹ የስንዴ ዋጋ፤ ከጎኑ አንድ ሹም ሪባን ሲቆርጥ፤
ከታች ኳስ፤ ከኳሱ በታች፦ «ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ብራ።»
ገለጥኩ። ደግሜ ገለጥኩ። ስለ እሱ አንዲት መስመር የለም።

«ያኔ ብር አንጥረኛ ቤት ተቀጣሪ ነበርኩ» አለ።
«ኤቫንቲያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወለደች። ሴት።
ገላዋ ይፋጃል። ሐኪሙ አያትና ባርኔጣውን አነሣ።
ተረኛ መድኃኒት ቤት ፍለጋ በብስክሌት ሄድኩ፤ የተከፈተው ከቆዳ ፋቂዎች ሠፈር ማዶ ነበር።
ሰውየው መጠቅለያ አጣ። ገና ያላነበበውን የዕለቱን ጋዜጣ ቀደደልኝ።
ስመለስ አባ ሴራፊም እጅጌውን ሰብስቦ
በሾርባ ሳህን አጥምቋታል። ዜኖቪያ ብሏታል።
ማታ ያ ነጩ ነገር ከውሃው ሲነሣ
አለፈች። ጠርሙሱን አልከፈትነውም።

አሁን ስትቆጥር ሰማሁህ።
ትኩሳት፣ ክንፋም፣ ወረቀት፣ መድኃኒት ቤት፣ ቄስ።
ሁሉም ያን ቀን ቤቴ ነበሩ።
ዘመዳሞች መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረኝም።»

«ስሟ የለበትምኮ» አልኩ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«የለም» አለ። «ቀኑ ግን አለ። ከላይ፤ እየው።»
ጥፍሩን በደበዘዘው ቁጥር ላይ አሳረፈ።

ቀን ጣለው ይባላል፤ ቀን አነሣው ይባላል።
እኔ ስንት ዘመን ያን «ላይ» ገልብጬ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤
ልጅቷ በቀኑ ላይ ሳትሆን
ቀኑ በሱ ላይ ነው፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሳይወርድ።

ፌስታሉን መልሶ አሰረ፣ ሁለት ጊዜ ቋጠረው።
መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም።
ጋዜጣዬንም አቀበለኝ፣ ቀለሙ እጅ ላይ የሚቀር።
«የዛሬው ነው» አለኝ። «ቶሎ አንብበው።»